ስፒናከሩ ለምን መቀነት ይታጠቃል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ጥብርያ ነው። ከልጄ ጋር በኪኔሬት ሐይቅ ላይ 420 በምትባለው ትንሽ የሁለት ሰው ጀልባ መቅዘፍ ሳይሆን በሸራ መጓዝ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ከፊት የሚዘረጋውን ትልቅና ቀጭን ሸራ፣ ስፒናከሩን፣ ስንሰቅል ግን ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ ይጠመዘዝና መቀነት እንደታጠቀ ሰው ወገቡ ታስሮ፣ ከላይና ከታች ብቻ ይነፋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንደኛው ገመድ በፊት ሸራው ገመድ ሥር አልፎ ኖሮ ጨርሶ አልከፈት አለን። ጥፋቱ ከአሰቃቀላችን ነው ወይስ ከአስተሳሰራችን?

መልስ፦ በአብዛኛው ከአስተሳሰራችሁና ሸራውን ወደ ከረጢቱ ከምታስገቡበት መንገድ ነው፤ ሁለቱም ችግሮች የሚጀምሩት ጀልባዋ ገና የብስ ላይ ሳለች ነው። ስፒናከር በሦስት ማዕዘኖቹ ብቻ የሚንጠለጠል ሸራ ስለሆነ ገመዶቹ ከሁሉም ነገር በውጭ በኩል መዞር አለባቸው። ሸራው በጀልባዋ ግራ በኩል ባለው ከረጢት ተቀምጧል እንበል። የግራው ገመድ ከኋላ ተነሥቶ ምሰሶውን ከጎን ከሚይዘው የጎን ሽቦ ውጭ ያልፍና ከሽቦው ፊት ወደ ከረጢቱ ይገባል። የቀኙ ግን ረጅም መንገድ አለው፦ ከቀኙ የጎን ሽቦ ውጭ ወደ አፍንጫዋ ይሄዳል፣ ከፊተኛው ሽቦ ፊት ይዞራል፣ ከዚያም ከፊት ሸራውና ከገመዱ ውጭ ተመልሶ በዚያው በግራ በኩል ይገባል። ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ የሚስበው ማውጫው ገመድም እንዲሁ ከፊት ሸራው ውጭ መውረድ አለበት። ሦስቱንም ቦውላይን በሚባለው፣ በማይጠብቅ የቀለበት ቋጠሮ እሰሩ፤ ይህን ጸሐፊ አንድ ጊዜ ማውጫው ገመድ ተፈትቶበት ምሰሶው ጫፍ ላይ ስለቀረ፣ ጀልባዋን በጎኗ አጋድሞ ሊያወርደው ግድ ሆኖበታል።

መቀነቱ የሚመጣው ሸራው ወደ ከረጢቱ ከሚገባበት መንገድ ነው። ሸራውን ወደ ከረጢቱ ከመክተትዎ በፊት ከአናቱ ጀምረው አንዱን ጠርዝ በጣትዎ መካከል እያሳለፉ እስከ ታችኛው ማዕዘን ይውረዱ፤ ሌላውንም እንዲሁ። ጠርዞቹ አንዱ በሌላው ላይ እንዳልተጠመዘዙ ካረጋገጡ በኋላ መሃሉን ጠቅጥቀው ሦስቱን ማዕዘኖች ለየብቻ ከላይ ይተዉአቸው። ከውኃ ላይ ወርዶ የረጠበ ሸራ እንደነገሩ ተጠቅጥቆ ከገባ፣ ቀጣዩ አሰቃቀል ከወዲሁ ተበላሽቷል።

ሲሰቅሉ ጀልባዋን ከነፋሱ ጋር አዙረው፣ በነፋሱ መውረጃ በኩል ካለው ከረጢት ያውጡት፤ በዚያ በኩል ዋናው ሸራ ይከልለዋል። እርስዎ ማውጫውን ባለማቋረጥ ሲስቡ ልጅዎ የነፋስ መምጫውን ገመድ አብሮ ይሳብ፤ ማዕዘኖቹ ቶሎ ከተራራቁ ለመጠምዘዝ ጊዜ አያገኙም። የሸራውን ማዕዘን ከምሰሶው አርቆ የሚይዘውን ዘንግ በመጀመሪያ በዚሁ ገመድ ላይ፣ ቀጥሎ መሃሉን በመደገፊያው ገመድ፣ በመጨረሻም በምሰሶው ቀለበት ላይ ይሰካው። ከፍታው ትክክል የሚሆነው ሁለቱ የታች ማዕዘኖች እኩል ሲሆኑ ነው።

መቀነቱ ከታጠቀ በኋላ ግን በጉልበት አይሞክሩት። የ420 ስፒናከር 9 ካሬ ሜትር ነው፤ በተሳበ ቁጥር ይብስ ይጠብቃል። እስከ ግማሽ አውርደው ማዕዘኖቹን በእጅ ለያይተው እንደገና ይስቀሉት።

በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ ኪኔሬት ላይ የሚወርደውን የምዕራብ ነፋስ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ልምምዱን በጠዋት ያድርጉት።