ኤክሴል የሲም ሲሪያሉን ለምን በዜሮ ይጨርሰዋል?

ከሞባይል ሱቅ የደረሰኝ ጥያቄ ነው። እህቴ፣ የስልኮቹን አይኤምኢአይ (የእያንዳንዱን ስልክ መለያ ቁጥር) ኤክሴል ላይ ስትመዘግቢ ችግር የለም። የሲም ካርዶቹን 19 አሃዝ ሲሪያል ስታስገቢ ግን መጨረሻው 0000 ይሆናል፤ የአንድ ፓኬት ሲሞች ሁሉ አንድ ቁጥር ያላቸው ይመስላሉ። አንቺ ባርኮድ አንባቢውን ጠርጥረሻል።

አንባቢው ጤነኛ ነው፤ ሌላ እንዳትገዢ።

ኤክሴል አንድን ቁጥር የሚይዘው በ64 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 64 ቦታዎች ነው። አንዱ ለመደመሪያና መቀነሻ ምልክት፣ 11ዱ ደግሞ የቁጥሩን ግዝፈት ለመንገር ይሄዳሉ። በቀረው 52 ቢት ላይ ሳይጻፍ የሚታወቅ አንድ ቢት ተጨምሮ ለአሃዞቹ 53 ይሆናል። 53 ሁለቶችን አባዢ፤ 9,007,199,254,740,992 ይመጣል። እስከሱ ድረስ ያለ ሙሉ ቁጥር ሁሉ በትክክል ይያዛል፣ ከሱ አልፎ ግን ቆጠራው በሁለት በሁለት ይዘላል። ቀጣዩ፣ በ993 የሚያልቀው፣ ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ ቦታ የለውም። ምንም የማይጎድለው ደህና ቁጥር ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። በ991 የሚያልቀው ጎረቤቱ ደግሞ በደንብ ይገባል።

ወደ ሱቅሽ እንመለስ። ሲሪያሉ በ89 ይጀምራል፣ ቀጥሎ 251 የአገራችን ኮድ ነው። ይህ ማለት ወደ 8.9 ቢሊዮን ቢሊዮን ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ዝላዩ 1,024 ይደርሳል! ኤክሴል ይሄ ጣጣ እንዳይመጣ ብሎ ከ15ኛው አሃዝ በኋላ ያለውን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል። አይኤምኢአይ 15 አሃዝ ስለሆነ ነው ለጥቂት የተረፈው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሲሪያል መደመር የለበትም፣ መቀነስም የለበትም፣ ስለዚህ እንደ ስም ይጻፍ። ስካን ከማድረግሽ በፊት ዓምዱን መርጠሽ ፎርማቱን ቴክስት አድርጊው። ለአንድ ሁለት ቁጥር ከሆነ ከፊቱ ነጠላ ጥቅስ (') መጻፍ ይበቃል። ከዚያ ሴሎቹ ጥግ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይመጣና ወደ ቁጥር ልቀይረው ወይ ይልሻል። እሺ እንዳትይ! አንዴ ከነካሽው ተመልሶ 0000 ነው።

ያለፈውስ? ዜሮ ከሆነ በኋላ ቴክስት ብታደርጊው አይመለስም። የሲሪያሉ የመጨረሻ አሃዝ ማረጋገጫ ናት፣ ከፊቷ ካሉት አሃዞች «ሉን» በሚባል የማረጋገጫ ስሌት የምትወጣ፤ እሷ ብቻ ጠፍታ ቢሆን አስልተን እናገኛት ነበር። አራት ሲጠፋ ግን 10,000 አማራጭ ነው፤ ማረጋገጫዋ ወደ 1,000 ብታወርደውም አያዋጣም። ሲሞቹ እጅሽ ላይ ካሉ እንደገና ስካን አድርጊያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድግግሞሽ በካውንትኢፍ (COUNTIF፣ አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንዳለ የሚቆጥር የኤክሴል ፎርሙላ) የምትፈልጊ ከሆነ፣ ቴክስት የሆነውንም እንደ ቁጥር ስለሚያየው የመጀመሪያዎቹ 15 አሃዞች ከተመሳሰሉ ሁለቱን አንድ ነው ይልሻል። ፎርሙላው ውስጥ ከምትፈልጊው ሲሪያል ኋላ የኮከብ ምልክት (*) አስከትይ፤ ያኔ አሃዝ በአሃዝ ያነጻጽራል።