ጎማውን ከመግዛትህ በፊት ቴስቲናውን እይ

ወንድሜ፣ የጻፍክልኝ ባጭሩ ይህ ነው። 2012 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ሃይብሪድ አለህ። የፊት ሁለቱ ጎማዎች ሲያልቁ ጎሚስታው «ይሄ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አያልቅም» ብሎ ሰፋ ያለ ጎማ ገጠመልህ። ዓመት ሳይሞላቸው ሁለቱም በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦው ሊወጣ ደርሷል። በሊትር 22 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው መኪና 18 ላይ ወረደች። ከ60 በላይ ስትነዳ ደግሞ እምምም የሚል ድምፅ አለ። አሁን አራቱንም ልትቀይር ነው፣ የትኛው ብራንድ ይሻላል ትላለህ።

ብራንዱን ለጊዜው ተወው። የላክልኝን ፎቶ እንዳየሁ የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነው፤ ቴስቲናው (መሪውን ከፊት ጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ላልቷል፣ የፊት እግሮቿም ከፊት ለፊታቸው ወደ ውጭ ከፈት ብለው ነው የሚሄዱት። ሁለቱም ጎማ በውስጥ ጠርዙ ብቻ ማለቁ፣ ድምፁ፣ ነዳጁ፣ ሁሉም ወደዚያው ነው የሚወስደኝ። እንደዚህ እንዳለች አራት አዲስ ጎማ ብትገጥምላት በጥቂት ወር ውስጥ ሁለቱን አውጥተህ ትጥላለህ። የገጠሙልህ ጎማ ራሱም ለእሷ የተሠራ አይደለም፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ፣ አልለቀውም።

መጀመሪያ በእጅህ አረጋግጥ። ስስ ጓንት አድርግ፣ ምክንያቱም ሽቦ ብቅ ካለ እጅ ይቀዳል። መኪናዋ ቆማ መሪውን እስከ ጫፍ ጠምዝዝና አጥፋት። ከዚያ መዳፍህን በጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፍ፣ ቀጥሎ ከውጭ ወደ ውስጥ መልስ። ወደ ውጭ ሲሄድ እየተንሸራተተ፣ ወደ ውስጥ ሲመለስ ግን የጥርሶቹ ጠርዝ እየያዘህ ከሆነ ያልኩት ነው። ጎማው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ጎን እየተጎተተ ነው የኖረው። በሁለቱም አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ብቻ ካለቀ ግን ጎማው ጋደል ብሎ ቆሟል ማለት ነውና ሞላና አሞርዛተር (ንቅናቄ የሚያበርደው) በኩል ፈልግ። ውርርድ ካልክ ግን እኔ የመጀመሪያው ላይ ነኝ።

ድምፁን ሰምቶ «ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ነው» የሚልህ አይጠፋም። ቶሎ አትፍታ። የኩሽኔታ ድምፅ መሪውን ትንሽ ግራና ቀኝ ስትል ይለዋወጣል፤ የጎማ ድምፅ ደግሞ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ ስትገባ ነው የሚለወጠው። ሃይብሪድ በባትሪ ስትሄድ ዝም ስለምትል፣ ሌላ መኪና ላይ የማይሰማው የጎማ ድምፅ ሁሉ እሷ ላይ ጎልቶ ይሰማል።

አሁን መኪናዋን ማንሳት አለብህ። እዚህ ላይ በደንብ ስማኝ። ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መብራት በርቶ ክሪክ እንዳትነካ። ሃይብሪድ ዝም አለች ማለት ጠፋች ማለት አይደለም። ባትሪው ዝቅ ሲል የቤንዚን ሞተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል፣ አንድ ልጅ ገብቶ ማርሽ ቢነካ ደግሞ ድምፅ ሳታሰማ ትሄድብሃለች። ፒ ላይ አድርጋት፣ የማቆሚያ ፍሬኑን ያዝ፣ አጥፋት፣ «ሬዲ» መጥፋቱን በዓይንህ እይ፣ ቁልፉን ደግሞ ኪስህ ውስጥ ሳይሆን ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ከሥሯ ብርቱካንማ ገመድ ካየህ ከ200 ቮልት በላይ የሚያልፍበት ነውና ክሪክህ አጠገቡ እንዳይደርስ። መመሪያ መጽሐፉ ያሳየህ የማንሻ ቦታ አለ፣ እዚያ ብቻ። ካነሳሃት በኋላ ስታንድ (የብረት መደገፊያ) አስገባ፣ በክሪክ ብቻ ቆማ እጅህን ከሥሯ እንዳታስገባ።

ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘህ ነቅነቅ አድርገው። ቀጭ የሚል ነገር ከተሰማህ ወይም መሪው ሳይዞር ጎማው ትንሽ ከተጫወተ ቴስቲናው አልቋል። ላይና ታቹን ይዘህ ስትነቀንቅ ከተጫወተ ደግሞ ቦልጆይንት (እግሩን የሚይዘው የኳስ መጋጠሚያ) ወይም ኩሽኔታ ነው። ቴስቲናው ላይ ያለችውን ጥቁር የላስቲክ ሽፋን እያት። ተቀድዳ ከሆነ ግሪሱ ወጥቷል፣ አፈር ገብቷል፣ ነገሩ አልቋል።

ስትቀይር ርካሹን አትግዛ። ውጪው ያብረቀርቃል፣ ሽፋኑ ግን ጥቂት ወር ሳይቆይ ይሰነጠቃል፣ አንተም ተመልሰህ እዚሁ ነህ። ሁለቱንም ጎን ቀይር። ከዚያ በኋላ ነው አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የሚሠራው። የላላ ቴስቲና ላይ አላይመንት የሚሠሩ ሰዎች ያናድዱኛል፤ ማሽኑ ላይ ቁጥሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ መኪናዋ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስትረግጥ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። አንዱን ጎን ብቻ አስተካክለው መሪውን ጠማማ አድርገው የሚሰጡም አሉ። ሠርተው ሲጨርሱ የበፊቱንና የአሁኑን ቁጥር የያዘውን ወረቀት ተቀበል።

ወደ ጎማው ልምጣ። ፎቶህ ላይ ጎኑ ላይ የተጻፈው 205/65 አር 15 ሲ ነው፣ ከኋላው 102/100 ይላል። ያቺ «ሲ» የጭነት ጎማ ማለት ናት። 102 ማለት አንዱ ጎማ ብቻውን 850 ኪሎ ይሸከማል። አራቱ 3400 ኪሎ! መኪናህ ባዶዋን 1400 ኪሎ ገደማ ናት፣ ምን ልትጭንባት ነው? ለዕቃ መጫኛ ሚኒባስ የተሠራ ጎማ ነው የገጠሙልህ። ለዚያውም ፊት ላይ ስፋቱ 205፣ ኋላ ላይ የነበረው 195 እንዳለ። የ195/65 አር 15 ጎማ ቁመት 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ያንተ የፊቱ 647 ነው። ጎማው 2 በመቶ ረዝሟል። መኪናዋ ርቀት የምትቆጥረው በጎማ ዙር ስለሆነ፣ ርቀቱ ከፊት ጎማ ከተቆጠረ 100 ኪሎ ሜትር ሄደህ 98 ትልሃለች። ስለዚህ ከጠፋብህ ነዳጅ ላይ ትንሿ የቆጠራ ስህተት ልትሆን ትችላለች። የፊትና የኋላ ጎማ እኩል አለመዞሩ ደግሞ ለኤቢኤሱም (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ለመንሸራተት መቆጣጠሪያውም ጥሩ አይደለም።

የቀረው ነዳጅ የት ገባ? አንዴ ታገሰኝ፣ ይህችን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጎማ ሲያዩት ክብ ነው። መሬት የረገጠው በኩል ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ክብደቱ ጨፍልቆታል። ጎማው ሲሽከረከር እያንዳንዷ ቁራሽ ተራዋ ሲደርስ ትጨፈለቃለች፣ ሲያልፍ ትመለሳለች። ያንተ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ገደማ ይዞራል፣ ስለዚህ አንዷ ቁራሽ በኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ትታጠፋለች ማለት ነው። ላስቲክ ደግሞ ሲጨፈለቅ የወሰደውን ጉልበት ሲመለስ ሁሉንም አይመልስም። የተወሰነውን አስቀርቶ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሽቦ ይዘህ ቶሎ ቶሎ ብታጣጥፈው መታጠፊያው እንደሚያቃጥልህ ነው ነገሩ። ካላመንከኝ ረጅም መንገድ ፍሬን ብዙም ሳትነካ ነድተህ ስትቆም የጎማውን ጎን ዳስሰው፣ ሞቅ ብሏል። ያ ሙቀት ከማደያ የቀዳኸው ቤንዚን ነው።

የመንከባለል ተቃውሞ የሚሉት ይሄንኑ ነው። ላስቲኩ በወፈረ ቁጥር፣ ንፋሱ ባነሰ ቁጥር ይጨምራል። የጎማ አምራቹ ሚሽለን በጥርሱ ላስቲክ ውስጥ ከጥቁሩ ካርቦን በከፊል ሲሊካ የሚባል ዱቄት ተክቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ያወጣውም ይሄን ሙቀት ለመቀነስ ነበር፣ በዝናብ መንገድ መያዙንም ሳይጎዳ። ተቃውሞው 10 በመቶ ሲጨምር ነዳጅ ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይጨምራል። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን የጭነት ጎማና የሃይብሪድ ጎማ ልዩነታቸው ከ10 በመቶ በላይ ይሄዳል። ሃይብሪድ ላይ ደግሞ ቶሎ ይታያል። ፍሬን ስትይዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ጎማ ውስጥ በሙቀት የጠፋውን ግን ማን ይመልሰዋል? እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ በራሷ የምትሄደው ርቀት ያጥራል፣ ቤንዚኑ ሞተር ቶሎ ቶሎ ይነሳል። በዚያ ላይ የተከፈቱት የፊት እግሮች ጎማውን ወደ ጎን እየጎተቱት ነው። አራት ኪሎ ሜትርህ እዚያ ነው ያለቀችው።

እንግዲህ ግዢው። ልኩን የሾፌሩ በር ሲከፈት ከሚታየው ወረቀት ላይ አንብብ፣ ከጎሚስታ አትስማ። 195/65 አር 15 ካለ እሱን ግዛ፣ አራቱንም አንድ ዓይነት። የመሸከሚያ ቁጥሩ በሩ ላይ ከተጻፈው አይነስ፤ 91 ማለት ለአንድ ጎማ 615 ኪሎ ነው፣ ለአንተ ይተርፋል። «ሃይብሪድ ባትሪ ስላላት ከባድ ናት፣ ጠንካራውን ውሰድ» የሚሉህን አትስማ። የፕሪየስ ባትሪ አንድ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ትልቅ ባትሪ ተሸክመው ከግድግዳ የሚሞሉት ላይ ሲሆን ቁጥሩን ጠበቅ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

የአውሮፓ መለያ ወረቀት የተለጠፈበት ጎማ ካገኘህ ሁለት ፊደል እይ፣ አንዱ የነዳጅ፣ አንዱ በእርጥብ መንገድ ፍሬን የመያዝ። ሁለቱም ከኤ እስከ ኢ ናቸው፣ ኤ ምርጡ ነው። ነዳጁ ኤ ሆኖ የእርጥቡ ዲ ወይም ኢ ከሆነ አትንካው። ነዳጅ የሚቆጥብ ጎማ በርካሽ ሲሠራ የሚጎድለው ያ ነው፣ የምታውቀውም በዝናብ ፍሬን ስትይዝ ነው። ሁለቱም ቢ ቢሆኑልህ ደስ ይበልህ። ብራንድ ካልክ ኢኮፒያ፣ ኤናሴቭ፣ ብሉኧርዝ፣ ኢነርጂ ሴቨር የሚባሉት ለእንዲህ ያለ መኪና የተሠሩ ናቸው፤ በልክህና ትኩስ ሆኖ ያገኘኸውን ውሰድ።

ትኩስ ስል ቀኑን ማለቴ ነው። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተኛ ጎማ በቀለም አንጸባርቆ እንደ አዲስ ይሸጣል፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነው እኔ አልገዛም። ያገለገለ ጎማማ አታንሳብኝ።

ሲገጥሙልህ አጠገባቸው ቁም። ቫልቩን አዲስ ያድርጉ፣ ርካሽ ቫልቭ በዓመቱ ይሰነጠቅና ቀስ እያለ ንፋስ ያወጣል። ቸርኬው ውስጥ የንፋስ መለኪያ ሴንሰር ካለ አስቀድመህ ንገራቸው፣ ጎማ ማውጫው ብረት ሲመታው ይሰበራል፣ ሁሉም አላየሁም ይላል። ጎኑ ላይ ውጭ የሚል ምልክት ካለ ወደ ውጭ ይዙር። ዳዶዎቹን በማሽን ብቻ አጥብቀው አይልቀቁህ፣ በቶርክ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር ነው ልኩ፣ አንዱን አጥብቀው ወደ ትይዩው እየተሻገሩ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ድገመው።

እነሱ ጋ ስትሆንም ያው ነው፣ «ሬዲ» መብራቱ ሳይጠፋ መኪናዋን እንዲያነሱ አትፍቀድ። ጎሚስታ ቸኩሏል፣ መኪናዋ ዝም ብላለች፣ ጠፍታለች ብሎ ነው የሚያስበው። ራስህ አጥፋት፣ ቁልፉን ይዘህ ራቅ በል።

ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ለካ። እንዳንተ ባሉት ፕሪየሶች ላይ ብዙ ጊዜ ፊት 35 ኋላ 33 ፒ.ኤስ.አይ ነው፣ የበሩን ወረቀት ግን እመን። ነዳጅ ይቆጥባል ብለው 45 የሚሞሉ አሉ፤ መሐሉ ብቻውን ያልቃል፣ ፍሬኑም ይረዝማል።

አዲስ ጎማ ከገጠምክ በኋላ ወዲያው 22 አልመጣም ብለህ አትደንግጥ። አዲስ ጥርስ ወፍራም ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይበላል፣ እየሳሳ ሲሄድ ይሻሻላል። ድምፁ ግን በዚያው ቀን መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ኩሽኔታውን ያኔ እናየዋለን። ቴስቲናው ጥብቅ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የአላይመንት ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ በተለይ ከመስተካከሉ በፊት የነበረውን ቁጥር።