የተዘረፈ ሆስፒታል ልትረዱ ከሆነ መጀመሪያ ማሽን አትግዙ

እህቴ፣ «አሜሪካ ያለን የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አሰባስበናል፤ በጦርነቱ ለተዘረፈው ሆስፒታላችን መጀመሪያ የትኛውን ማሽን እንግዛ?» ብለሻል። እኔ ሰሜን ወሎ ውስጥ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። በ2014 የደሴውም የወልድያውም ሆስፒታል ከተዘረፈ በኋላ ብዙ አይቻለሁና የእናንተም ከዚህ አይለይም።

1. የቀረውን በባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ) ባለሙያ አስቆጥሩ። ዘረፋ ሁሉን ጠራርጎ አይወስድም። አልትራሳውንዱ ቆሞ ሰውነት ላይ የሚደረገው ፕሮቡ ብቻ ይጠፋል፣ ሞኒተሩ ኖሮ ገመዱ ይቆረጣል። እኛ ከተሰባበሩ ሦስት የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮች (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣሩ ማሽኖች) አንድ የሚሠራ አውጥተን ሕፃናት ክፍል አስገብተናል። ማንም አላገዘንም፣ ራሳችን ነን የሠራነው።

2. ሪኤጀንቱ (ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል) አገር ውስጥ የማይገኝ ማሽን አትላኩ። እኛ ጋ ሳንጠየቅ የደም ኬሚስትሪ ማሽን መጣ። ከራሱ አምራች ሪኤጀንት ሌላ አይቀበልም፣ ወኪሉም እዚህ የለም። በዚያ ላይ 110 ቮልት ነው፤ የኛ መብራት 220። ላስቲኩ ሳይነሳ ስቶር ገባ። በዚያ ገንዘብ አውቶክሌቭ (የኦፕሬሽን ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) እና የመብራት ማረጋጊያ ይገዛ ነበር! አውቶክሌቭ ከሌለ ኦፕሬሽን የለም። ሐኪሙ እያለ፣ ክፍሉ እያለ፣ ምጥ የጠናባትን እናት ሪፈር ጽፈን በዚያ መንገድ ስንልክ ያየሁትን አልረሳውም። ስለዚህ መብራት፣ ውኃ፣ አውቶክሌቭ፣ ኦክስጅን። ሌላው ይደርሳል።

3. ወረቀቱን ዕቃው ሳይጫን ጨርሱ። የጤና ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከነዋጋው የተጻፈበት ዝርዝር። ዋጋውን በተለይ! በስጦታ የመጣ ጄኔሬተር ዋጋው አልተጻፈም ተብሎ አንድ የንብረት ኃላፊ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) አልቆርጥም አለ። ገቢ ካልሆነ ደግሞ ማንም አይነካውም። ጄኔሬተሩ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው ከረመ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማዋለጃ ክፍሉ ጨለማ ነው። ይህንን ልታስረዳ የሄደችውን ሜትሮናችንን (የነርሶች ኃላፊ)፣ በጦርነቱ ጊዜ ሕሙማኑን ጥላ ያልሸሸችውን ሴት፣ ከቢሮዬ ውጪ ብሎ ጮኸባት። እስካሁን ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ለጋሾቹ የዋጋ ደብዳቤ ጽፈው ሲልኩ በአንድ ቀን አለቀ። አንድ ገጽ ወረቀት ነበር የጎደለው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ዝርዝርና ልትገዙ ያሰባችሁትን የማሽን ሞዴል እዚህ ለጥፊልኝ። ወኪልና መለዋወጫ ያለውን ከሌለው ለይቼ እጽፍልሻለሁ።