ነዳጅ ሲያጥር ቀድሞ የሚለይ ድርሻ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

በነዳጅ ሥርጭት ሥራ ብዙ ዓመታት ያሳለፍሁ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። መንግሥታት በእጥረት ጊዜ ነዳጅ ለይተው ስለሚያቆዩባቸው ደንቦች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ (በጣና ላይ የሞተር ጀልባ ያላቸው)፦ መጠባበቂያ አለ እየተባለ ማደያው ለምን ይደርቃል?

መልስ፦ መጠባበቂያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የውጭ አቅርቦት ሲናጋ የሚከፈት ብሔራዊ ክምችት ሲሆን፣ አሜሪካ የዓረብ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1973 ከጣሉባት የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 በሕግ ያቋቋመችው፣ በቴክሳስና በሉዊዚያና የጨው ዋሻዎች ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ሆኖም ድፍድፍ ስለሆነ ሳይጣራ ለሞተር አይውልም። ሁለተኛው በየወሩ ከሚገባው ነዳጅ ላይ ጥቂት እጅ ለይቶ ማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የአሜሪካ የነዳጅ ድልድል ሕግ ዘመን አቅራቢዎች ወደ አንድ ግዛት ከሚያስገቡት ላይ ጥቂት በመቶ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ያቆዩ ነበር፤ ችግር የጠናበት ተጠቃሚ ያመለክታል፣ ሲፈቀድለት ዋጋውን ከፍሎ ይወስዳል፣ በወሩ መጨረሻ የተረፈው ደግሞ ወደ መደበኛው ሽያጭ ይመለሳል። አሠራሩ የአሜሪካ መንግሥት በነዳጅ ዋጋ ላይ ያደርገው የነበረው ቁጥጥር እ.ኤ.አ. በ1981 ሲነሣ አብሮ ቀርቷል። ነዳጃችን ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ረጅም መንገድ ተጉዞ ለሚደርሰን ለእኛ፣ አዲስ ማከማቻ ሳይገነባ ሊሠራበት የሚችለው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ (ከፎገራ፣ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙ)፦ ለውሃ መሳቢያ ሞተር ጀሪካን ይዤ ብሄድ ባዶዬን እመለሳለሁ። ገበሬ ቅድሚያ ይገባዋልን?

መልስ፦ ይገባዋል። በዚያው የአሜሪካ ድልድል የእርሻ ምርት የሚያስፈልገውን ነዳጅ በሙሉ እንዲያገኝ ተደንግጎ ነበር፤ ምክንያቱም መኪና ነገ ሊነዳ ይችላል፣ በአበባው ወቅት ውሃ ያጣ ማሳ ግን ነገን አይጠብቅም። በጀሪካን መሸጥ የሚከለከለው ወደ ጥቁር ገበያ እንዳይወጣ ነው፤ ክልከላው ትክክል ቢሆንም በቀበሌ የተመዘገበ የሞተር ባለቤት በተወሰነ ቀንና መጠን የሚቀዳበት መንገድ ካልተበጀለት ሸክሙ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የ90 ቀን መጠባበቂያ የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ አባል አገሮች ከውጭ ከሚያስገቡት ነዳጅ ላይ ወደ ውጭ የሚልኩት ተቀንሶ የሚቀረውን የ90 ቀን መጠን ያህል ክምችት እንዲይዙ ይገደዳሉ። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

ጥያቄ፦ ዋጋው ቢጨመር ሰልፉ አይቀንስም?

መልስ፦ ይቀንስ ይሆናል፤ ከሰልፉ የሚወጣው ግን አቅም ያነሰው ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ የታክሲ ሹፌሮች ሥራ አቁመው መንግሥት ዋጋውን መልሶ ለመቀነስ ተገዷል።

ጥያቄ፦ እስከዚያው ቤቴ ጥቂት ቤንዚን ባስቀምጥስ?

መልስ፦ እባክዎ አያስቀምጡ። ትነቱ በክፍል ሙቀትም ቢሆን በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል።

ጥያቄ (የጤና ባለሙያ)፦ ለሆስፒታል ጄኔሬተርና ለአምቡላንስ የሚለየው ድርሻ በማን እጅ ይሁን?

መልስ፦ ከሚሸጠውም ከሚጠቀመውም ውጭ በሆነ አካል እጅ ይሁን። ዝርዝሩ እጥረት ሳይመጣ ይጽደቅ፣ ማን ምን ያህል እንደወሰደም በየወሩ በማደያው በር ላይ ይለጠፍ።