የአንባቢያን ጥያቄ፦ ብሪምስቶን ሂል ምሽግን በአንድ ቀን

ጥያቄ፦ በፌብሩዋሪ ከማያሚ በሚነሳ የክሩዝ መርከብ ከእናቴ ጋር በካሪቢያን ባሕር ያለችው ሴንት ኪትስ ደሴት እንገባለን። መርከቡ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባስቴር ወደብ ይቆማል። ብሪምስቶን ሂል የሚባለውን የእንግሊዞች ምሽግ ማየት እንፈልጋለን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ጊዜው ይበቃናል? እሷስ ትችለዋለች? *(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)*

መልስ፦ ጊዜው በደንብ ይበቃል። ምሽጉ ከባስቴር በባሕሩ ዳር መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለመሄጃና ለመመለሻ አንድ ሰዓት ተኩል ቢይዙ አይጨነቁም። ከመውረድዎ በፊት ግን ሰዓትዎን ያስተካክሉ። በፌብሩዋሪ የደሴቱ ሰዓት ከማያሚ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። መርከቡ በደሴቱ ሰዓት እየሠራ የእጅዎ ሰዓት ማያሚ ላይ ከቀረ፣ ሲመለሱ የሚያገኙት ባዶ ወደብ ነው።

ከእናትዎ ጋር ስለሆኑ ታክሲ ይያዙ። ወደ ሳንዲ ፖይንት የሚሄደው ሚኒባስ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚያወርድዎ ዋናው መንገድ ላይ ከኮረብታው ሥር ነው። ከዚያ ያለው ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዳገት ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ከታክሲው ጋር ሲነጋገሩ ሦስት ነገር ይቁረጡ፦ ዋጋው በመኪና ነው ወይስ በሰው፣ መመለሻውን ይጨምራል ወይ፣ ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃል። ሁለት ሰዓት ያስጠብቁት። የተነገረዎት ዋጋ በአሜሪካ ዶላር ይሁን በምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር መጠየቅም አይርሱ፤ አንዱ የአሜሪካ ዶላር 2.70 የደሴቱ ዶላር ነው። መኪና ተከራይተው ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ በግራ በኩል እንደሚነዳ ያስታውሱ። የኮረብታው መንገድ ጠባብ ነው፤ ከፊት የሚመጣው በማይታይበት መታጠፊያና በግንቡ በር ሥር ጥሩምባ ነፍቶ ማለፍ ግድ ነው።

ምሽጉ የሚከፈተው ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ነው። ያኔ በሩ ላይ ይሁኑ። የመርከብ ተሳፋሪዎችን የጫኑት ትልልቅ መኪኖች ከደረሱ በኋላ ላይ ያሉት ጠባብ ክፍሎች ይጨናነቃሉ፤ ፀሐዩም ይበረታል።

ስለ እናትዎ፦ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለው የዌልስ ልዑል ባስቲዮን፣ ማለትም ከግንቡ ጎልቶ የወጣው የመድፍ መደብ፣ ብዙ መውጣት አይጠይቅም። መድፎቹም ባሕሩም ከዚያው ይታያሉ። ፎርት ጆርጅ የሚባለው የላይኛው ምሽግ ግን ረጅም ቀጥ ያለ ደረጃ አለው፤ ድንጋዩ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ ይልቅ ጉልበት ይጎዳል። እናትዎ ታች ጥላ ሥር ይቆዩ፣ እርስዎ መጀመሪያ ወደ ላይ ይውጡ፤ ጠዋት ላይ ገና ቀዝቃዛ ነው። ለየሰው አንድ ሊትር ውሃ፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ፣ በአገጭ የሚታሰር ኮፍያ ይያዙ። ወደ 240 ሜትር ከፍታ ላይ ነፋሱ ኮፍያ ይነጥቃል። ምግብ በእጅ ይዘው አይዙሩ፤ ጦጣዎቹ ይቀማሉ። ፎቶም ጠዋት ይሻላል፦ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ማዶ ያለችው የሲንት ኡስታሽየስ ደሴት ጥርት ብላ ትታያለች፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ፊት ለፊት ይመጣል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን፦ ፎቶ ብቻ አንስተው አይውረዱ። ይህን ኮረብታ ምሽግ ያደረጉት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። እንግሊዞች የመጀመሪያዎቹን መድፎች ላይ ያወጡት በ1690 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ድንጋይ መፍለጡ፣ መሸከሙና መገንባቱ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቀጠለ። በላይኛው ምሽግ ክፍሎች ያለው ኤግዚቢሽን የእነርሱንና በኋላ እዚያ ያገለገሉ የጥቁር ወታደሮችን ታሪክ ይናገራል። ሠላሳ ደቂቃ ይስጡት። በ1782 ስምንት ሺህ የሚሆኑ ፈረንሳዮች አንድ ሺህ ያህል ሰው የነበረበትን ምሽግ ለአንድ ወር ከበው ያዙት፤ በከበባው ጊዜ ኮረብታው ሥር ቀርተው የነበሩት የእንግሊዞች መድፍና አረር በፈረንሳዮች እጅ ወድቀው በራሱ በምሽጉ ላይ ተተኮሱ። ምክንያቱም የእርሻ ባለቤቶቹ ባሪያዎቻቸውን ለሸክሙ አንሰጥም ብለው ነበር። መላው ምሽግ በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ ከዚህ ይገባል።

ጥያቄ፦ የምሽጉን ፎቶ አየሁ። ግንቡ እውነተኛው አሮጌው ነው ወይስ አዲስ የተሠራ? የጥንቱን ከአዲሱ እንዴት እለያለሁ? *(ጎንደር ተወልዶ ያደገ አንባቢ)*

መልስ፦ ሁለቱም አለ። የእንግሊዝ ጦር በ1850ዎቹ ለቅቆ ሲወጣ ሕንጻዎቹ ፈረሱ፣ እንጨቱም ድንጋዩም እየተወሰደ ለሌላ ቤት ዋለ። ጥገናው የተጀመረው ለዚሁ በ1965 በተቋቋመ ማኅበር ነው። የዌልስ ልዑል ባስቲዮን በ1973፣ ላይኛው ምሽግ በ1985 ተከፈቱ፤ በ1999 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። አንዳንዱ ሕንጻ ጣሪያ ገብቶለታል፤ ሌላው ሆን ተብሎ በፍርስራሽነቱ ቀርቷል፤ ይህን እኛም እንደግፋለን።

ለመለየት መጋጠሚያውን ይመልከቱ። ጥንታዊው ግንብ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ሆኖ መሐሉ በድንጋይ ስብርባሪ የተሞላ ነው። የተያያዘው ከዚያው ከኮረብታው ጎን ተፈልጦ በእሳት በተቃጠለ ኖራ ነው። ኖራ በአየር ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ እርጥበት ያሳልፋል፤ ግንቡ ትንሽ ቢንቀሳቀስም ይታገሣል። ሲሚንቶ ግን ከድንጋዩ ይልቅ ይጠነክራል፣ ውሃንም ያፍናል። የታፈነው ውሃ በድንጋዩ በኩል ሲወጣ ጨው ይተዋል፤ ጨው ሲከማች የድንጋዩ ፊት ይላጣል። ግራጫና ለስላሳ መጋጠሚያ ካዩ፣ ዙሪያውን ድንጋዩ እየተሰነጠረ ከሆነ፣ ሲሚንቶ ገብቶበታል።

እርስዎ ይህን ከሀገርዎ ያውቁታል። በፋሲል ግቢ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጠቀሙበት ሲሚንቶ ጉዳት አምጥቶ በኋላ በኖራ መተካት አስፈልጓል። ሁለቱንም ቦታ ያየ ሰው፣ በኖራ የተያያዘ ግንብ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ማወዳደር ይችላል።