«ገፋሁት» ወይስ «መታሁት»?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የታክሲ ረዳት ነው። ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ በመልስ ምክንያት ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ተጣሉ፤ ሰውየው ከበሩ ወድቆ እጁ ተሰበረ። ወንድሜን ወዲያው ወደ ጣቢያ ወሰዱት። የዚያኑ ሌሊት ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ፤ የተጻፈውን ግን አላነበበውም። ፍርድ ቤት የቀረበው ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን ለፖሊስ ምርመራውን የሚቀጥልበት የ7 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ተሰጠው። ዝም ቢል ኖሮ ይከፋበት ነበር? አሁንስ ምን ማድረግ እንችላለን?
እህቱ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ቀጠሮው እንዳያልፍ ለአንቺ በስልክ ነግሬሻለሁ፤ ይህን የምጽፈው ነገ በሌላ ሰው ቤት ስለሚደርስ ነው።

ጠበቃ ከመሆኔ በፊት መርማሪ ፖሊስ ነበርኩ። በጀማሪነቴ አንድ የቀን ሠራተኛ ፊቴ ቁጭ ብሎ «ገፋ አድርጌው ወደቀ» አለኝ። ሌሊት ነበር፤ እንቅልፌ መጥቷል። «መታሁት፣ ወደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ተንኮል አልነበረኝም፤ ለእኔ ያው መስሎኝ ነው። አነበብኩለት ብዬም አላነበብኩለትም። እስክሪብቶውን ሳቀብለው «የት ላይ ልፈርም?» ብቻ ነበር ያለኝ። ፍርድ ቤት ስንደርስ ያቺ አንዲት ቃል ያደረገችውን አይቻለሁና ዛሬም ደንበኞቼን አስቀድሜ የምጠይቃቸው «አንብበህ ነው የፈረምከው?» ብዬ ነው።

ዝም ማለትን በተመለከተ፣ በሰፈራችን ዝም ያለ ሰው እንዳመነ ይቆጠራል። ሕጉ ግን እንዲያ አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም እንዲያውቅ ያዛል። ስለዚህ ስምና አድራሻ መናገር፣ ከዚያ በጨዋ አንደበት «ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» ማለት ይበቃል። መጮኽ፣ መሳደብ፣ እጅ መወራጨት ግን አይገባም፤ መያዙ ስህተት ቢሆን እንኳ የሚከራከሩበት ቦታ ችሎት ነው። መንገድ ላይ ከታገሉ በአንዱ ክስ ላይ ሌላ ይደረባል።

ቃል ልስጥ ያለ ሰው ደግሞ ያንብብ። ማንበብ የማይችል ይነበብልኝ ይበል። ያላለው ቃል ከገባ ይታረምልኝ ይበል፤ ካልታረመለት አይፈርም። ገጹ ላይ ክፍት መስመር ከተተወም ልብ ይበል።

ሰዓቱን ቆጥረሽዋል? ከዓርብ ማታ 1 እስከ ሰኞ ጠዋት 4 ድረስ 63 ሰዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚለው 48 ሰዓት ነው፤ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም የሚል ቃል የለበትም፣ ምንም እንኳ በየጣቢያው «ሰኞ ትቀርባለህ» መባሉ የተለመደ ቢሆን። ወንድምሽ በሚቀጥለው ቀጠሮ የተያዘበትን ሰዓት ለዳኛው ራሱ ይናገር። ያላነበበው ቃል ላይ መፈረሙንም ይናገርና በመዝገብ ይያዝልኝ ይበል። ተመትቶ ወይም ተገድዶ ከሆነ ደግሞ ቁስሉን ያሳይ፤ በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም።

ፖሊስ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ ወንድምሽ ዝም ብሎ መቆም የለበትም። «ባለፉት 7 ቀናት ምን ሠራችሁ? ምን ቀራችሁ?» ተብሎ ይጠየቅልኝ ማለት ይችላል። የምስክር ቃል መቀበልና የሕክምና ማስረጃ ማምጣት ብቻ ከቀረ እሱ ውጭ ሆኖም ይሠራል። ዋስትናም እዚያው ይጠይቅ። አንቺ ደግሞ ቋሚ ሥራ ያለው ዋስ የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ በር ላይ እንዲጠብቅ አድርጊ፤ ዋስትና ተፈቅዶለት ዋስ በማጣት ብቻ ተጨማሪ ሌሊት ያደረ ስንቱን አይቻለሁ።

በስልክ ስናወራ ለጠበቃ አቅም የለንም ብለሽኛል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉና እዚያ ሂጂ። ጨርሶ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው ቢሆን ኖሮ ዘመድ በስሙ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘው ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤቱ ይዘዝልኝ የሚል ጥያቄ፣ በመሐላ ማቅረብ ይችል ነበር።

ስንቅ ስትወስጂ «ዛሬ መጠየቅ አይቻልም» ካሉሽ አንቀጽ 21ን በትሕትና ጥቀሺላቸው፤ ዘመድም ጓደኛም ሐኪምም የንስሐ አባትም ሊጎበኘው ይችላል። ከምግቡ ጋር ወፍራም ሹራብ ጨምሪበት። የጣቢያ ሲሚንቶ ሌሊት ይቀዘቅዛል።