ከጃፓን፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ ኒንቴንዶዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ የሠራውን ባለ 8 ቢት ኮንሶል፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማጫወቻ፣ የሚመለከቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 ፋሚኮም ተብሎ በጃፓን የወጣው ይህ መሣሪያ በ1985 ቅርፁ ተለውጦ፣ ኤንኢኤስ ተብሎ ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ፤ ቀጥሎም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ጠያቂዎቹ የገጠማቸው ችግር መልኩ ቢለያይም፣ በአብዛኛው የሚመነጨው መሣሪያው ተሠርቶ የወጣለት አገር ኤሌክትሪክ፣ ቴሌቪዥን ወይም ገበያ አሁን ካለበት ቦታ ጋር ባለመግጠሙ ነው።

በሜሪላንድ የሚኖሩ አጎቴ የድሮ ኤንኢኤሳቸውን ጌሞቹን ከያዙት ካሴቶች ጋር ላኩልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲሁ ብሰካው ይሠራል?

እንዲሁ እንዳይሰኩት። አብሮት የመጣው አዳፕተር ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ኮንሶሉ ራሱ የሚፈልገው 9 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነው፤ ስለዚህ ከ220 ቮልት ተነሥቶ 9 ቮልት ኤሲና 1.3 አምፔር የሚሰጥ፣ መሰኪያውም የሚገጥም አዳፕተር ቢያገኙ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ያልቃል። ቴሌቪዥኑን በተመለከተ፣ የአሜሪካው መሣሪያ የሚያወጣው ምስል ኤንቲኤስሲ የሚባለውን የአሜሪካና የጃፓን የቴሌቪዥን ሥርዓት የተከተለ ሲሆን፣ ፓል የሚባለውን የአውሮፓ ሥርዓት ብቻ የሚያነብ አሮጌ ቴሌቪዥን ምስሉን ያለ ቀለም ያሳያል ወይም ያንከባልለዋል። በአንቴና ገመድ ከሆነ ደግሞ ድምፁም አይገኝም። የአሁኖቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ሁለቱንም ሥርዓት ስለሚቀበሉ፣ በኮንሶሉ ጎን ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ቢጫውን ለምስል፣ ቀዩን ለድምፅ ይጠቀሙ።

ዱባይ ሆኜ ከጃፓን ፋሚኮም አስመጣሁ። ቤት ውስጥ ባለው የኤንኢኤስ አዳፕተር ላስነሣው?

በፍጹም! የኤንኢኤስ አዳፕተር የሚሰጠው ኤሲ ነው፤ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ) የሚለወጠው ኮንሶሉ ውስጥ ነው። ፋሚኮም ግን ውስጡ ይህን የሚሠራ ክፍል የለውም፤ የሚፈልገው የመሰኪያው መካከል ኔጌቲቭ የሆነ 10 ቮልት ዲሲ ነው። መሰኪያዎቹ ያለ ችግር ስለሚገጥሙ ሰው ይሳሳታል፣ መሣሪያውም ይበላሻል። ለአገርዎ ቮልት የተሠራው የሴጋ ኩባንያ ኮንሶል የሆነው የመጀመሪያው ሜጋ ድራይቭ አዳፕተር ግን ይሆነዋል።

ሌላ ችግርም ይጠብቅዎታል። የመጀመሪያው ፋሚኮም ምስልና ድምፅ የሚያወጣው በአንቴና ገመድ ብቻ ሲሆን፣ የሚጠቀምባቸው የጃፓን ቻናል 1 እና 2 በሌላው ዓለም ለኤፍኤም ሬዲዮ በተመደበው ሞገድ ላይ ይወድቃሉ። በ1993 የወጣው፣ ኤቪ የሚባል የምስልና የድምፅ ገመድ መውጫ ያለው ፋሚኮም ከዚህ ጣጣ ነፃ ስለሆነ፣ ገና ለሚገዛ ሰው የምመክረው እርሱን ነው።

ስቶክሆልም ያደግሁበት ጌም አሜሪካ ካለው የዘመዴ መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ለምን ዘገምተኛ ሆነ? ሙዚቃውም የወፈረ ይመስለኛል።

ጆሮዎ ትክክል ነው። የአሜሪካና የጃፓን ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ሲሥል፣ የአውሮፓው ግን 50 ጊዜ ብቻ ይሥላል። የዚያ ዘመን ጌሞች ጊዜን የሚቆጥሩት በቴሌቪዥኑ ምት ነበር፤ አንድ ምስል በተሣለ ቁጥር ገጸ ባሕሪው አንድ እርምጃ ይሄዳል። ስለዚህ ለ60 የተጻፈ ጌም ሳይስተካከል በ50 ሲሄድ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል። የሙዚቃው መወፈር ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው፦ የድምፁ ከፍታ የሚወጣው የፕሮሰሰሩን (የኮንሶሉን የስሌት ቺፕ) ምት በማካፈል ሲሆን፣ ይህ ምት በአሜሪካው ኤንኢኤስ 1.79 ሜጋኸርዝ፣ በአውሮፓው 1.66 ሜጋኸርዝ በመሆኑ፣ ቁጥሮቹ ካልተቀየሩ ዜማው ከግማሽ ቃና በላይ ዝቅ ይላል። የፓል ምስል መስመሮች 312 ሲሆኑ ጌሙ የሚሥለው 240ውን ብቻ ስለሆነ፣ ከላይና ከታች ጥቁር ሰቅ ይቀራል።

በትጋት የተስተካከሉ አልጠፉም፤ የአውሮፓው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ፍጥነቱ ለ50 ታርሞ የወጣ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ግን ያን ያህል አልደከሙም፣ ገዢውም የሚያነጻጽርበት ስላልነበረው አልጠየቀም።

በልጅነቴ የተጫወትሁበት ስም የለሽ መሣሪያ የአውሮፓን ካሴት አይቀበልም፣ የጃፓንን ግን ያጫውታል። የየት አገር ሊባል ይችላል?

ከፋሚኮም ተቀድቶ፣ ለፓል ቴሌቪዥን ተስተካክሎ የተሠራ መሆን አለበት። የካሴት መግቢያው እንደ ጃፓኑ 60 እግር (የብረት መገናኛ) ነው፤ የኤንኢኤስ 72 ነው። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ታዋቂ ምሳሌ ስቲፕለር የተባለው ኩባንያ ከ1992 ጀምሮ በሩሲያ የሸጠው ዴንዲ ነው። ዴንዲ በሰከንድ 50 ምስል ቢያወጣም፣ ፕሮሰሰሩ 1.77 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ዜማው ብዙም አይወርድም። ከዚህም በላይ በእያንዳንዱ የምስል መስመር ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሚያገኘው ጊዜ ከጃፓኑ ጋር እኩል በመሆኑ፣ ስሌታቸው ጥብቅ የሆነ የጃፓን ጌሞች በአውሮፓው ኤንኢኤስ ላይ ምስላቸው ሲዛባ በዴንዲ ላይ ግን በደንብ ይሄዳሉ። በዚህ ረገድ ቀጂዎቹ ከባለቤቱ የተሻለ አስበዋል ብል አላጋነንሁም።

ለንደን የገዛሁትን ካሴት ፍራንክፈርት ባለው ኤንኢኤስ ላይ ስከተው ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። ኤንኢኤስ ውስጥ አንድ የመቆለፊያ ቺፕ፣ ካሴቱ ውስጥም አጣማጁ አለ። ሁለቱ ካልተግባቡ ቺፑ ኮንሶሉን በየሰከንዱ መልሶ ያስነሣዋል፤ ብልጭታው ከዚህ የመጣ ነው። ኒንቴንዶ አውሮፓን ለሁለት ከፍሎ ለብሪታንያ፣ ለጣሊያንና ለአውስትራሊያ አንድ ቺፕ፣ ለቀረው አውሮፓ ሌላ ቺፕ ስለሰጠ፣ የእርስዎ ካሴት የተከለከለው በዚህ ድንበር ነው። ሁለቱም የፓል ጌሞች ስለሆኑ የክልከላው ምክንያት ንግድ እንጂ ቴክኒክ አይደለም። የጀርመኑ ካሴትም እንዲሁ ካደረገ ግን መጀመሪያ የካሴቱን እግሮች በአልኮል ያጽዱ፤ ቆሻሻም ተመሳሳይ ብልጭታ ያመጣል። ፋሚኮም ይህ ቺፕ ፈጽሞ የለውም።

የፋሚኮም ሁለተኛው ጆይስቲክ ማይክሮፎን አለው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በምትኩ ስታርትና ሴሌክት የሚባሉት ቁልፎች የሉትም። ዜልዳ በተባለው ጌም የጃፓን እትም ውስጥ ፖልስ ቮይስ የሚባሉት ትልልቅ ጆሮ ያላቸው ጠላቶች በማይክሮፎኑ ሲጮኹባቸው ይሞታሉ። የአሜሪካው ኤንኢኤስ ማይክሮፎን የለውም፤ የጌሙ መመሪያ ግን ጠላቶቹ ጩኸት እንደሚጠሉ መናገሩን ስላልተወ፣ ስንቱ ልጅ በጌሙ ውስጥ ያለውን ዋሽንት በከንቱ ሲነፋባቸው ኖሯል።

ካስልቬኒያ 3 የተባለው ጌም የጃፓን እትም ሙዚቃ ከአሜሪካው የበለጠ ሞልቶ የሚሰማው ለምንድን ነው?

ፋሚኮም ድምፁን ወደ ካሴቱ ልኮ፣ ካሴቱ የራሱን ጨምሮበት እንዲመልስ ሁለት እግሮች መድቧል። በ1989 የወጣው የጃፓኑ ካሴት ቪአርሲ6 በተባለ ቺፕ ሦስት ተጨማሪ የድምፅ መስመሮችን ያቀርባል። ኤንኢኤስ እነዚህን ሁለት እግሮች ስለሌሉት፣ ሙዚቃው ኮንሶሉ ውስጥ ላሉት መስመሮች ብቻ እንደ አዲስ ተዘጋጀ። ከኤንኢኤስ ሥር ያለው፣ ኒንቴንዶ ሳይጠቀምበት የቀረው የማስፋፊያ መሰኪያ ግን ወደ ካሴቱ የሚደርሱ መስመሮች ስላሉት፣ መሣሪያውን በእጃቸው የሚያሻሽሉ ሰዎች እዚያ ላይ አንድ ሬዚስተር (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) አገናኝተውና የጃፓኑን ካሴት ከኤንኢኤስ መግቢያ ጋር የሚያገጥም፣ ድምፁንም በዚያ በኩል የሚያሳልፍ መለወጫ ተጠቅመው የጃፓኑን ካሴት ከነሙሉ ድምፁ ያጫውቱታል።